የአራት ቁጥሩ ጎል

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የክፍሉ ኃላፊ ማሪት የጆሮ ማዳመጫ ሰጠችኝና ሁለት ስክሪን ፊት አስቀመጠችኝ። "ያየሽውን መዝግቢ፤ የገመትሽውን አትመዝግቢ" አለችኝ። ከዚያ በሩን ዘግታልኝ ሄደች።

መሥሪያ ቤቱ ኖርዌይ፣ ጋምለ ኦስሎ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ትራም የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሥራችን እግር ኳስ በቀጥታ ሥርጭት እያዩ መመዝገብ ነበር፦ ጎል፣ ማዕዘን ምት፣ ካርድ፣ ቅያሪ። ለእያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፉ በተጫነ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ውጤቱ በየአገሩ ሰው ስልክ ላይ ይወጣል።

እኔን የቀጠሩኝ ለአረብኛዬ ነው፤ ካርቱም አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2010ዎቹ መጨረሻ የአረብ ክለቦች ሻምፒዮና እንደገና ሲጀመር ጨዋታዎቹ ወደ እኔ መጡ። ሌሎቹ መዝጋቢዎች የአውሮፓን ሊግ ይዘው በትልቁ ክፍል አብረው ይውላሉ። እኔ ኮሪደሩ ጫፍ ባለችው ጠባብ ክፍል ብቻዬን ነኝ። ጆሮዬ ውስጥ ስታዲየም ሙሉ ሰው ይዘምራል። ማዳመጫውን ሳወልቅ የማሞቂያው ድምፅ ብቻ ይቀራል።

አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ውዬ ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ፕሪንስዳል የምመለስበት ቀን ብዙ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ጉሮሮዬን እጠራርግ ነበር።

የተቀጠርኩት በቪካርነት፣ ማለትም በሰው ምትክ ነው። ቋሚ ለመሆን አንድ የውድድር ዘመን ያለ ስህተት መጨረስ ነበረብኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን አፍሪካ በሚተላለፍ ጨዋታ ላይ ዝናብ ጣለና ሥዕሉ መቆራረጥ ጀመረ። በማዕዘን ምት ግርግር መሃል ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች። አጥቂው አሥራ አራት ቁጥር እጁን ዘርግቶ ሲሮጥ አየሁና በእሱ ስም መዘገብኩ።

በሳምንቱ ማሪት በአረብኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይዛ መጣች። "ተርጉሚልኝ" አለች። አነበብኩላት።

"ያሲን እባላለሁ፤ አራት ቁጥር ተከላካይ ነኝ። በተጫወትኩበት ዘመን ሁሉ ያገባሁት ጎል ያ ብቻ ነው። አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ አውርተው ነበር። ሰዎቹ ስልካቸው ላይ የሌላ ሰው ስም አይተው ሳቁባቸው። አሁን ካፌ መሄድ ትተዋል።"

ማሪት የውድድሩን ይፋዊ ሪፖርት ከፍታ አየች። "ያሳዝናል። ግን ይፋዊው ሪፖርትም አሥራ አራት ነው የሚለው። አንቺን የሚጠይቅሽ የለም፤ ዝጊው።"

እሷ ስትወጣ የጨዋታውን ቅጂ ከፍቼ በዝግታ ደጋግሜ አየሁት። አራት ቁጥር ተንሸራቶ ኳሷን በጉልበቱ ነክቷታል። አሥራ አራት ቁጥር አጠገቧም አልደረሰም።

ሁለት ቀን ሌላ ጨዋታ መመዝገቤን ቀጠልኩ። ቋሚነቱ አሳሳኝ። ግን ካፌ መሄድ የተወ ሰው ቤቱ እንዴት እንደሚውል አውቀው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማሪት ቢሮ ገባሁ። "ስህተቱ የእኔ ነው" አልኳት።

"መዝገብሽ ላይ ይገባል እኮ፣ አስቴር። ቋሚነቱም ይዘገያል።"

"አውቃለሁ።"

ቅጂውን አብረን አየነው። ከዚያ ለውድድሩ አዘጋጆች ደብዳቤ ጻፍን።

ሪፖርቱ ከወር በኋላ ተስተካከለ። ያሲን ወደ መሥሪያ ቤታችን ደወለ። የአገሩ አረብኛ ለካርቱም ጆሮ ስለሚከብድ ቀስ እያለ ነበር የሚያወራኝ። "እህቴ፣ አባቴ ሊያናግሩሽ ይፈልጋሉ" አለ።

ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"እዚያ ብቻሽን ነሽ?"

"አዎ፣ ብቻዬን ነኝ።"

"እኔ ነገ ካፌ እሄዳለሁ" አሉኝ። "አንቺም ከሰው ጋር ተቀመጪ፣ ልጄ።"

ስልኩን ዘግቼ እስከ ትልቁ ክፍል በር ድረስ ሄድኩ። ሁሉም ማዳመጫቸውን አድርገው ጨዋታ ላይ ነበሩ። ቀና ያለ አልነበረም፤ ተመለስኩ።

ቋሚ የሆንኩት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ አዲስ መዝጋቢ ሲመጣ የምነግረው ይህንን ነው፦ ጎል ሲገባ የሚጨፍረውን ተወው፤ ኳሷን መጨረሻ የነካትን ፈልግ። ከተሳሳትክ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይደርስበት ራስህ ተናገር።