የሽማግሌው ኦረስት ጠማማ ማሳ

በካናዳ፣ በሳስካችዋን ሜዳ ላይ ገበሬ የሚታማው በሚስቱም በሀብቱም አይደለም፤ በትልሙ ነው። ስንዴው ሲበቅል መስመሩ ከተጣመመ እስከ አጨዳ ድረስ አላፊ አግዳሚው ይስቅበታል። ሽማግሌው ኦረስት በሰባ አራት ዓመታቸው አንድ ቀን እንኳ ተስቆባቸው አያውቅም።

ልጃቸው ላሪሳ እርሻውን ከተረከበች ወዲህ ግን ትራክተሩን የሚመራው ጂፒኤስ ነው፤ ከሳተላይት እየተነገረው መሪውን ራሱ ያዞራል። ኦረስት "ላም አለኝ በሰማይ!" እያሉ ያሾፉበታል። ለእሳቸው የቀሩላቸው አሮጌዋ ቀይ ትራክተርና አንዲት መኪና ናቸው። በእነሱም ላይ ላሪሳ ቃል አስገብታቸዋለች፦ ዓይናቸው የደከመ ዕለት ቁልፎቹን ሊያስረክቧት። ዓይናቸው ከደከመማ ሁለት ዓመት አለፈው! ግን ማን ይናገራል? በዚያ አገር ቁልፍ የሌለው ሰው ቤት ውስጥ ተጎልቶ ቀረ ማለት ነው።

በግንቦት ወር፣ በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት ዱብ ዕዳ መጣ። ከፀሐይ የተነሳ ማዕበል የላይኛውን አየር አመሰው፤ የሳተላይቱ መልእክት መንገድ ላይ እየተዛባ ትራክተሩ ያለበትን ቦታ በብዙ ሜትር ይስት ጀመር። የሰፈሩ ገበሬ ሁሉ ማሽኑን አቁሞ ይጠብቃል። ላሪሳ ትራክተሩ ላይ ተቀምጣ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ደመናውን ታያለች። ሰኞ የሚጀምረው ዝናብ ሳምንት ይቆያል ተብሏል፤ ከዚያ በኋላ የተዘራ ስንዴ ሳይደርስ ውርጭ ይመታዋል።

"ተነሺ ከዚያ!" አሏት ኦረስት። "ሰማዩ ቢያብድ መሬቱ አለ አይደል?"

"አባዬ፣ በዓይንህ ብቻ ቀጥ አድርገህ ልትዘራ?"

"አንቺ ሳትወለጂ በምን ስዘራ የኖርኩ መሰለሽ?"

ዘዴው ቀላል ነው። ማሳው ዳር የቆመ ነጭ የአጥር እንጨት አለ፤ እሱ ላይ ዓይንን ተክሎ፣ ወደ ኋላ ሳያዩ መንዳት ነው። የመጀመሪያው ትልም ቀጥ ካለ ሌላው ጎን ጎኑን ይከተለዋል። ኦረስት ነጩን ነገር አዩና እያፏጩ ነዱ። ሲጠጉት ነጩ ነገር ቀና ብሎ "እምቧ" አላቸው። ጉድ በል! የጎረቤታቸው የኔስቶር ላም ናት። እየጋጠች ወደ ኩሬው ስትወርድ እሳቸውም አብረዋት ወርደዋል። ምን ያድርጉ? የተዘራ አይለቀም። ያንኑ ትልም እየተከተሉ እሑድ ከሰዓት ላይ ጨረሱ፤ ሰኞ ዝናቡ ወረደ።

በሦስተኛው ሳምንት ስንዴው በቀለ። ኔስቶር መንደሩ ካፌ ውስጥ የቦርሽ ሾርባውን እየጠጣ፣ "ኧረ ያን ማሳ የዘራው ማነው? ሰክሮ ነው እንዴ? እባብ እንኳ እንዲህ አይጣመም!" አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኦረስት መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

"እኔ ነኝ የዘራሁት" አለች ላሪሳ። "ያንተው ማሳ ግን ገና ባዶ አፈር ነው፣ አይደል?"

ኔስቶር ሾርባውን ሳይጨርስ ሂሳብ ጠየቀ።

ውጭ መኪናዋ አጠገብ ሲደርሱ ኦረስት ቆሙ። ልጃቸው ሳቁን በራሷ ላይ መውሰዷ አንጀታቸውን በልቶታል። ሳትጠይቃቸው ቁልፎቹን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩ።

"ላሟም ነጭ ነበረች" አሉ።

"አውቃለሁ። አጥሩ ጋ ቆሜ አይቼሃለሁ።"

"አይተሽ ዝም አልሽኝ?"

"ዝናቡ እየመጣ ነበራ! ደግሞ እያፏጨህ ነበር።" ቁልፎቹን ጨበጠች። "በአደራ ነው የያዝኳቸው። ነገ ዓይን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።"

ኦረስት ዞረው በተሳፋሪው በር ገቡ። ማሳው ጋ ሲደርሱ፣ "ቀስ በይ እስቲ" አሏት። "በቅሏል?"

"በደንብ በቅሏል፣ አባዬ።"