ተቀምጦ የጠጣ እንግዳ ነው፦ ለባለቤቴ ለአቶ ሰይድ መታሰቢያ

ባለቤቴ አቶ ሰይድ በአዋሽ ከተማ፣ በቤታቸው፣ በአጭር ሕመም ወደ አኺራ ተሻግረዋል። አብዛኞቻችሁ ይህን ሰምታችኋል። ጀናዛቸውን የተሸከማችሁ፣ ከመልካ ወረር በጭነት መኪና ተሳፍራችሁ የደረሳችሁ፣ ርቀቱ ይዟችሁ በስልክ አብራችሁኝ ያለቀሳችሁ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። የባሌን ሐዘን ቤት ተቀምጬ የምጠብቅበት ኢዳ ላይ ስለነበርሁ ከቤት ወጥቼ ላመሰግናችሁ አልቻልሁም። ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት በእነዚያ ወራት ነው፤ እጄ እሺ ባለኝ ቀን ጥቂት እጽፋለሁ፣ እምቢ ባለኝ ቀን እተወዋለሁ። የጨረስሁት ግን ኢዳዬ አልቆ ሰመራ ደርሼ ከተመለስሁ በኋላ ነው።

የመልካ ወረር ሰዎች አቶ ሰይድን የምታውቋቸው የጥጥ እርሻው የመስኖ ውሃ ተቆጣጣሪ ሳሉ ነው። ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ውሃ ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው ሲያዞሩ አይታችኋቸዋል። ለጥጥ ለቀማ ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች ወባ ሲይዛቸው የሚተኙት እኛ በረንዳ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ የራሳቸውን አጎበር አውልቀው ለአንድ የላስታ ሰው ሲሰቅሉለት ተቆጣኋቸው። «እኔን ትንኟ ለምዳኛለች፣ እሱን ግን ገና እየተዋወቀችው ነው» አሉኝ።

የአዋሽ ሰዎችና የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ደግሞ የምታውቋቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ በከፈቷት የምግብ ሱቅ ነው። ሱቋ ትንሽ ናት። የአሚባራ ሽንኩርት፣ የአሳይታ ተምር፣ የአፍዴራ ጨው፣ የነጠረ የፍየል ቅቤ ይሸጥባታል። አንዱም ግን የበቀለበትን ማሳ ወይም የተሠራበትን ቤት ሳያዩ የገባ አልነበረም። «ያልጠየቅሁትን አልሸጥም» ይሉ ነበር። እኔ መምህር ስለነበርሁ ጠያቂ ተማሪ እወዳለሁ፤ እንደ እሳቸው ያለ ጠያቂ ግን በክፍሌ አልገጠመኝም።

ልጆቻችንን ድረን ከጨረስን ወዲህ ከአዋሽ እስከ ሰመራ አብሬያቸው ሄጃለሁ። መኪና ስላልነበረን የሚጭኑን ሹፌሮች ነበሩ። «ኬላ ይታለፋል፣ አባባ ሰይድ ያዩት ማሳ ግን አይታለፍም» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ሐሰት አይደለም። መንገድ ዳር የሐብሐብ ክምር ካዩ ወይም አዲስ የተከፈተ ሱቅ ካዩ መኪናው ይቆማል። ማሳው ውስጥ ገብተው ከአፈሩ ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ጨው ከቀመሱ «ውሃ አበዛችሁበት፣ ጨውን ከታች ጠራችሁት» ይላሉ። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል፤ ዘሩ ከየት መጣ፣ ከእሱ በፊት ምን ተዘርቶ ነበር፣ መጨረሻ መቼ ጠጣ። አሚባራ ላይ አንዲት ባለ ሽንኩርት ታግሣ ታግሣ «አባባ፣ እኛ ሽንኩርት ልንሸጥልዎት ነው እንጂ ልጅ ልንድርልዎት ነው እንዴ?» አለቻቸው። እሳቸውም ሳይስቁ፣ ሽንኩርቱም ቢሆን ቤታቸው ገብቶ ሊያድር ስለሆነ ወገኑን ማወቅ እንዳለባቸው አስረዷት።

እንዲህ ስንል ነው አንድ ቀን ሚሌ ምሳ ስንበላ አንድ ሹፌር ከሎግያ ወጣ ብለው የሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ስላላቸው የግመል ወተት ያወራልን። ባለቤቴ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ሽማግሌው አባ ሁመድ ይባላሉ። ስንደርስ እንደ አገሩ ወግ አስቀድመው ዳጉ ጠየቁን። ዳጉ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚነጋገሩበት ወግ ነው፤ በዳጉ ላይ የዋሸ ወይም የደበቀ ሰው ስሙ ይጠፋል። ለባለቤቴ ይህ ወግ በልካቸው የተሰፋ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁ ኖረው በመጨረሻ የሚጠይቃቸው ሰው አገኙ። ስለ አዋሽ ወንዝ ሙላት፣ ስለ ሽንኩርቱ በሽታ፣ ገዋኔ ላይ ስለተገለበጠው መኪና ሁሉንም ነገሯቸው።

ከዚያ ወተት መጣ፤ አረፋው ገና ያልተኛ፣ በእንጨት ጢስ የታጠነ ዕቃ የሚሸት። ባለቤቴ ጠጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግመሏ ምን እንደበላች ጠየቁ። እንደገና ጠጡ። ልንነሣ ስንል ከኪሳቸው ብር አውጥተው ምንጣፉ ላይ አኖሩ።

አባ ሁመድ መጀመሪያ ብሩን፣ ከዚያ ባለቤቴን አዩ። አማርኛን የተማሩት ከገበያ ስለሆነ ሰውን ሁሉ አንተ ይላሉ። «እንግዳዬ፣ ይህ ቤት ሱቅ መሰለህ?» አሏቸው።

በዚያ አገር ወተት ለእንግዳ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ወተት የሚሸጥ ሰው እፍረት የለቀቀው ነው። ባለቤቴ ስለ ግመሏ መኖ ሲጠይቁ ይህን ሳይጠይቁ ቀሩ። እኔ ደንግጬ ሻሼን አስተካክዬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ብሩን መልሰው ከያዙ በኋላ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። «ካጠፋሁበት ቦታ ተነሥቼ ከሄድሁ ጥፋቴ እዚያው ቁጭ ብሎ ይቀራል» አሉኝ። እስከ መግሪብ ሶላት ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ሰገዱ፤ በመጨረሻ አባ ሁመድ ሲስቁ ሰማሁ።

እስከ አስፋልቱ የሸኘችን ልጃቸው ሞሚና ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ አባቷ ዘንድ ተመልሳለች። ልጆቿን ሰመራ ልታስተምር ትፈልጋለች፤ ከተማ ለመኖር ደግሞ ከወተት ሌላ በእጇ ምንም የለም። ቢሮ ሠራተኛው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ሹፌሩ ሁሉ የግመል ወተት ይፈልጋል። አባቷ ግን ልጁ ወተት ሸጠች አታሰኚኝም ብለዋታል። እሳቸው ካልፈቀዱ ወንድሞቿም ወተት አያመጡላትም። ይህን ሁሉ መንገድ ላይ ነገረችንና ወደ ባለቤቴ ዞር አለች።

«ብር አባቴ ፊት ያወጣህ አንተ ነህ። አስታራቂዬም አንተ ትሆናለህ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰመራ የምንመላለሰው ለተምር ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ አማላጅ መሆን አያውቁም፤ መጠየቅ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ አባ ሁመድን ጠየቁ። ዱሮ ቅቤ በእህል ይለወጥ ነበር ወይ? ይለወጥ ነበር። የለወጠው ሰው ታፍሮበት ያውቃል? አያውቅም፤ ቅቤው መንገድ ሄዷል፣ እንግዳ ፊት አልተሸጠም። ባለቤቴ በዚህ ላይ ብዙ አሰቡበት። በሌላ ጉዟችን «ተቀምጦ የጠጣ እንግዳ ነው፣ ይዞ የሄደ ነጋዴ ነው፤ እንዲህ ቢሆንስ?» አሏቸው። አባ ሁመድም ልጃቸው ልትሞክረው እንደምትችል፣ እሳቸው ግን እዚያ ቤት እግራቸውን እንደማያስገቡ ተናገሩ።

ሞሚና ሰመራ ውስጥ ሱቋን ከፈተች። በጀሪካን ይዞ የሚሄድ ይከፍላል፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣ አይከፍልም። ሹፌሮች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳደረጉ መገመት አያቅታችሁም። አንዱ ጋደም ብሎ ደጋግሞ ሲጠጣ ሞሚና «እንግዳ አንድ ቀን ነው፣ አንተ ግን ዘመድ ሆነሃል። ዘመድ ግመል ይጠብቃል፣ ተነሥ!» ብላ በትር አቀበለችው። ሹፌሮቹ እስከ ዛሬ ግመል ጠባቂው ይሉታል።

ነገሩ ግን አላለቀም ነበር። አባቷ ስለማይገቡ ወንድሞቿ ወተቱን የሚያደርሱት እያፈሩ፣ ሰው ሳያይ፣ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ ሳያመጡ ነው። አባ ሁመድ ገበያ በመጡ ቁጥር ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ባለቤቴ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አባ ሁመድ በላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ገዝተው ሲጠጡ ባለቤቴ አዩና ውሃ መሸጥስ የተጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቋቸው።

«ውሃውን የሚሸጠው ልጄ አይደለም» አሉ አባ ሁመድ።

ባለቤቴ ማሳ እያዩ መኪና ሳያስቆሙ አዋሽ የደረሱት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከሰመራ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ሱቃችን ሲገባ የሚጠየቀው አንድ ነገር ሆነ፤ ሽማግሌው ገቡ ወይስ አልገቡም። መልሱ ሁልጊዜ ገና ነው።

ኢዳዬ ሲያልቅ ወደ ሰመራ ወረድሁ። መርዶው ቀድሞኛል፤ ሚሌ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ከመኪናው አውርደው አጽናኑኝ። ሞሚና አቅፋኝ አለቀሰች፤ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችኝ። ትንሽ እንደቆየን ከማዶ አባ ሁመድ ከግራሩ ሥር ሲነሡ አየሁ። በትራቸውን ከፍ አድርገው ባጃጆቹን አስቆሙና አስፋልቱን ተሻገሩ። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሞሚና የያዘችውን ዕቃ ማስቀመጥ ረስታ ቆማ ቀረች።

«የሰማሁት ከሹፌር ነው። ያየሽው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ» አሉኝ።

ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋቸው። ከሰዓት በኋላ የዐስርን ሶላት እንደሰገዱ እንዴት እንደደከማቸው፣ ልጆቹ እንዴት እንደደረሱ፣ ሸሃዳቸውን በራሳቸው አንደበት እንዳሉ፣ የት እንደተቀበሩ። አንድ ነገር ቀረኝ። ልናገረው አፈርሁ፤ ሰውን መውቀስ መሰለኝ። በዳጉ ግን መደበቅ የለም። በሕመማቸው ላይ እንኳ ሰው ከሰመራ መምጣቱን ሲሰሙ «ሁመድ ገባ?» ብለው መጠየቃቸውን ነገርኋቸው።

አባ ሁመድ አገጫቸውን በትራቸው ላይ አሳረፉ። «ይህን ጠየቀ?»

«ጠየቁ» አልሁ።

አንድ ተማሪ በር ላይ መጥቶ ሁኔታውን አይቶ ተመለሰ። ከዚያ አባ ሁመድ ለሞሚና እጃቸውን ዘረጉ። «ለእንግዳዋ ሰጠሽ። ለእኔስ?»

ቀዳችላቸው። ተቀምጠው፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻው ጠጡ። አፋቸውን ጠረጉና «ዕቃው በደንብ አልታጠነም። ነገ እንጨቱን እኔ አመጣለሁ» አሏት። ሞሚና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንጨቱ እስኪመጣ ለማየት እዚያው አደርሁ። መጣ። ከእሳቸው ኋላ ወንድሞቿ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ወተቱን ከግመል ላይ አወረዱ።

አያ ሰይድ፣ መልሱን ሳይሰሙ ስለሄዱ ይኸው ነገርሁዎት። ገብተዋል። ጠጥተዋል፤ ነቀፌታም አላጡለትም። የሞሚና ልጆች ትምህርት ቤት ውለው ከሰዓት ለእናታቸው ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ይህን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ቢሰሙት ስንት ነገር ይጠይቁኝ ነበር! እንጨቱ ምን ዓይነት ነው፣ ከየት ተቆረጠ፣ ጢሱስ ምን ይላል። እኔ ያየሁትን ያህል ነው የምነግርዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎት። ጀነት ወንዝ የሚፈስበት አትክልት ነው ሲባል አብረን ሰምተናል፤ እርስዎ ደግሞ ውሃውን ማን እንደሚያዞረው፣ ፍሬው እንዴት እንደሚጣፍጥ ሳያጣሩ የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። እኔ እስክደርስ ሁሉንም ጠይቀው ይቆዩኝ።