በቆርኪ የተመነዘረ ሰላምታ

ቁማርን የሚያወግዙ ሰዎች የሚደረድሩት ምክንያት ያሰለቸኛል። ትዳር ያፈርሳል፣ ኪስ ያራግፋል ይላሉ። ትዳር ያለ ቁማርም ይፈርሳል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ኪስ ደግሞ ለመራገፍ የማንንም እርዳታ አይጠብቅም። እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ነገር ነው።

ሰቆጣ የዞን ከተማ ሆና ቢሮዎቹ ከተከፈቱ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በልደት ቀን ከከተማው በታች ባለው ሜዳ የከተማውና የገጠሩ ሰው ገና ይጫወታል፦ ጠማማ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር፣ ሁለት ወገን። ከገጠሩ ወገን ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት አንድ ገበሬ ነበር፤ ሩሯን ከመሀል ሜዳ መትቶ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ይጥላታል። ሌላ ሰው ይህን ሲያደርግ አላየሁም። እሷ ማዶ ስታርፍ የተሸነፈው ይሰደባል፤ ተሰዳቢው ሹም ቢሆንም ይስቃል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ የቢሮ ልጆች ቆርኪ አመጡ። ሰውየው በበዓሉ ዕለት ሩሯን ወንዝ ካሻገረ ቆርኪ የያዘ ሁሉ በያንዳንዱ ቆርኪ አንድ ቢራ፣ ቆርኪውን መጀመሪያ ባወጣው ልጅ ሂሳብ፣ ይጠጣል፤ ካላሻገረ ቆርኪው ቆርኪ ነው። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ቆርኪዎቹ ቢራ ቤት ውስጥ ይሸጡ፣ ይለወጡ ጀመር። ሰውየው ደህና ነው ሲባል አንዷ ሁለት መለኪያ አረቄ ታወጣለች፤ አስሎታል ሲባል የሚያነሳት ይጠፋል። የተማሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ገበያ ሕግ ሲያስረዱኝ አንድ ታላቅ ነገር ያገኙ ይመስላቸው ነበር።

ገበያ ወሬ ይፈልጋል። ስለዚህ ገበሬው ቅዳሜ እህል ይዞ ሲመጣ ይከቡታል።

«አያ፣ እንዴት ሰነበቱ? ከብቱ ደህና? ያቺ የታመመችው ልጅዎስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለች። ሌሊት ሌሊት ያተኩሳታል።»

«ታዲያ እርስዎ ይተኛሉ?»

ቀኝ እጁን ጨብጠው አይለቁም። በሌላው እጃቸው ክንዱን እስከ ትከሻው ይዳብሳሉ፤ በግ ገዢ ስብ የሚፈልግባቸው ጣቶች ነበሩ። እሱ ግን ደስ ብሎታል።

«ወንድም ዓለም፣ እነዚህ ልጆች እኮ ወደዱኝ» አለኝ። «ከተሜ ስለ ልጄ ይጠይቀኛል ብዬ መች አሰብኩ!»

«ለቢራቸው ነው፣ ይተዋቸው» አልኩት።

«ኧረ አንድ ቀን ጋብዘን ብለውኝ አያውቁም!»

የበዓሉ ዕለት ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ስትቃዥ አድራለች። ደጋግሞ መታ፤ ሩሯ ወንዙ መሀል ካለው አሸዋ አላለፈችም።

«ሸጠኸን!» አለ አንዱ የቢሮ ልጅ። «ስንት ቆርኪ አጎረሱህ?»

የገጠሩ ሰዎች የበዓሉ ስድብ መስሏቸው ሳቁ። እሱም ሳቀና እንደ ደንቡ መለሰ፦ «አንተ ምን አለብህ፣ ሩሯን ወንበርህ ይመታልሃል!»

የቢሮ ልጆች አልሳቁም። ተናጋሪው መጥቶ የጋቢውን ጫፍ አንገቱ ላይ ጨምድዶ ያዘው። ቅዳሜ «እርስዎ» ይለው የነበረ አፍ «አንተ ሌባ» አለው፤ በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ፣ ለአንድ ጠርሙስ ቢራ።

ካላቀቅናቸው በኋላ ገበሬው ወደ እኔ ዞረ። «ቆርኪ የሚሉኝ ምንድን ነው?»

ሁሉንም ነገርኩት። ጋቢውን እያስተካከለ ሰማኝ።

«ስለ ልጄ የጠየቁኝስ?»

«እንቅልፍ ማግኘትዎን ለማወቅ ነው።»

ዱላውን አንስቶ ወደ መንደሩ መንገድ ገባ።

ከበዓሉ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ከብት ተራ አገኘሁት። የቢሮ ልጆቹ ከሩቅ ያያሉ እንጂ አይጠጉትም፤ ገበያቸው ተዘግቷል። እኔ ሄድኩ።

«አያ፣ እንዴት ሰነበቱ? ልጅዎ ተሻላት?»

ከልቤ ነበር የጠየቅሁት። ቃላቱ ግን የእነሱው ቃላት ናቸው፤ ሌላ ቃል ከየት ላምጣ?

እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ፤ አገላብጦ አሳየኝ። ቀጥሎ ለሽያጭ እንደቀረበ በሬ አፉን ከፈተ።

«ጥርሴንም እይ» አለኝ።

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። የልጅቷንም ነገር አልነገረኝም።