«በፈቃዳቸው» ብዬ ጻፍኩ

ይህን ከበደልኳቸው ሰው በቀር ማንም በሙሉ አያውቀውም፤ ባሌም፣ የንስሐ አባቴም። የማያውቀኝ አንባቢ ፊት ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የጤና ትምህርት የማጠና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። ጥናቴ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ነበርና ካዛንቺስን ቤት ለቤት ዞርኩ። ካገኘኋቸው ሁሉ የማልረሳቸው እትዬ ዘምዘም ናቸው። ከወሎ መጥተው፣ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ሳምቡሳ እየጠበሱ በመሸጥ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። መድኃኒቱን በርበሬ ጣሳ ውስጥ ደብቀው፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ ጨርሰው ድነዋል። ጎረቤት ግን አያውቅም። ቢያውቅ ማን ሳምቡሳቸውን ይበላል?

«ምስጢርዎ ከእኔ አይወጣም» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። አምነው ነገሩኝ።

ከወራት በኋላ ዩኒቨርሲቲው በቀበሌው አዳራሽ ለነዋሪው የጤና ትምህርት ሲያዘጋጅ ተናጋሪዋ እኔ ሆንኩ። መምህሮቼ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ሳልና ስለ አክታ ምርመራ ባወራ ሰዉ ያዛጋል፤ አንዳንዱም ተነሥቶ ይወጣል። ፈራሁ። የፈራሁት ለእነሱ ጤና አይደለም፣ ለራሴ ስም ነው። ስለዚህ «ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት እናት አለች» ብዬ ጀመርኩ። ጣሳውን ተናገርኩ። ሦስቱን ልጆች ተናገርኩ። ማዛጋቱ ቆመ። እንዴት ደስ አለኝ! ከዚያ ሳምቡሳውን ተናገርኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ማን እንደሚታወቅ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አውቄ ተናገርኩት።

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። እትዬ ዘምዘም እኔው ራሴ ጋብዣቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ተነሡ። ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ እዚያው ቆሙ።

«የደበቅሽው ስሜን ነው እንጂ ሌላውንማ ምን አስቀረሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ፊታቸውን መለሱ። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ዘምዘም ነኝ። ታምሜ ነበር፤ መድኃኒቴን ጨርሼ ድኛለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ቤቱ የሚያስል ሰው ያለው ነገ ጠዋት ይምጣ፤ ጤና ጣቢያ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ያጨበጨበው ሰው ግን በማግሥቱ ሳምቡሳቸውን መግዛት አቆመ። ለሳምንታት ትሪው እንደሞላ ወደ ቤት ይመለስ ነበር። ትንሿ ልጃቸው «ዛሬም ሳምቡሳ?» ብላ ስታለቅስ በደጃቸው ሳልፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሽታው በምግብ እንደማይተላለፍ ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር? ቤት ለቤት ዞሬ ላስረዳላቸው ይገባኝ ነበር። አልዞርኩም። ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር። «አንዲት የዳኑ ታካሚ በእኛ ማበረታቻ፣ በፈቃዳቸው ምስክርነት ሰጡ» ብዬ ጻፍኩ። ምስጢር ለመጠበቅ ቃል መግባቴን የማያውቁት መምህሮቼ አመኑኝ፤ በዚያ ሪፖርት ተሸለምኩ፤ መምህርም ሆንኩ።

እሳቸው ግን ያሉትን አደረጉ። መጀመሪያ አንዲት ልብስ አጣቢ መጣች፤ ከዚያ ለወራት ሲያስሉ የነበሩ አንድ ጥበቃ። እየቆየ የመጣው በዛ። ገበያቸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ዛሬ ትምህርት ክፍላችን የሚኮራበት የሰፈር ጤና ትምህርት የተጀመረው ከእሳቸው ደጅ ነው። እኔም እኮራለሁ፣ አልደብቅም። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት፣ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎቼን «መጀመሪያ ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ፖሊስ ይመስላል» ብለው ሲያስተምሩ ያየ እንዴት አይኮራ? ከዩኒቨርሲቲያችን ስንቱ ፕሮፌሰር ይህን ያውቃል?

ግን ሰው ሁሉ «ለዚህ ያበቃሻቸው አንቺ ነሽ» ሲለኝ ፈገግ እላለሁ። ስንት ዓመት ፈገግ አልኩ?

ሰፈሩ ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እኔ ያን ቀን ባልናገር ኖሮ እርስዎም ምናልባት…» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ተይ ልጄ። ባትናገሪም ልቤ ሲፈቅድ ራሴ እናገረው ነበር። ያቺን ቀን ነው የቀማሽኝ።» ቀጥለውም፣ «እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ። ለተማሪዎችሽ ግን ነግረሻል?» አሉኝ።

አልነገርኩም ነበር። ደረጃውን ስወርድ ነገ እነግራለሁ አልኩ። ነገ ክረምት ሆነ፤ ክረምቱም ዓመታት ሆነ።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ነገሩ ለበጎ ሆነ አልልም፤ ለበጎ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እኔ አደራ ተቀብዬ በጭብጨባ ለወጥኩት፤ ከዚያም ሐሰት ጽፌ ስሜን ፈረምኩበት። ተማሪዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ለማያውቀኝ አንባቢ መስሎኝ ነበር፤ ለእናንተ ነው። ነገ ክፍል ስንገናኝ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።