ለእህቴ ሰርግ የተዘጋጀው ማጉያ

ጭሮ ከተማ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ስፒከር ደረቴን ሲደልቀው የእህቴ ሰርግ ዋዜማ ትዝ አለኝ። ሬዲዮ ጠጋኙ አባቴ ለሰርጉ ያዘጋጀውን ባለ አምፖል የድምፅ ማጉያ ሲሞክር ወፍራሙ ድምፅ ያጓራ ነበር።

«አባባ፣ ስፒከሩ ተበላሸ እንዴ?»

«አይ፣ ወፍራም ድምፅ ላይ አመሉ ይለወጣል። የማጉያው ትራንስፎርመር ልኩ ካልሆነ አይቆጣጠረውም» ብሎ ሌላ ትራንስፎርመር ፍለጋ ወጣ።

እኔ ሊቁ፣ ላርመው ብዬ ማጉያው እየዘፈነ ሳለ የስፒከሩን ሽቦ ነቀልኩት። ጸጥ ሲል ኮራሁ። ወዲያው ከማጉያው የተቃጠለ የሽቦ ቫርኒሽ ሸተተኝ።

አባባ ተመልሶ አሸተተና፣ «ስፒከሩ እኮ የማጉያው ሸክም ነው፤ ማጉያ ሸክም ሲያጣ ራሱን ያቃጥላል» አለኝ። ለእህቴ ግን «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አላት።

ሰርጉ ያለ ሙዚቃ አለፈ። እህቴ ዛሬም የሟቹን አባታችንን ሙያ እያነሳች ትስቃለች፤ እኔ ሽበታሙ ጀግናም አብሬያት እስቃለሁ።