ቡሽታና የሰነፉ ሰው ስዕል

መዓለም ቡሽታ፣ ማለትም የእጅ ሙያ ጌታው ቡሽታ፣ በሞሮኮዋ ፌስ ከተማ ባለቀለም ሸክላ በመዶሻ እየቀረጸ፣ ቁርጥራጩን እየገጠመ ኮከብ ሲያወጣ አርባ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ሥራው ለሚያየው ግራ ያጋባል። ቁርጥራጮቹ የሚደረደሩት ባለቀለሙ ፊታቸው መሬት ላይ ተደፍቶ ስለሆነ፣ ጀርባቸው ላይ የፈሰሰው ኖራ ደርቆ ግድግዳው ላይ እስኪቆም ድረስ ንድፉ ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

አንድ ፈረንሳዊ ሰዓሊ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ይህን ሲያይ ከረመ። ቡሽታም ሻዩን በናና እያፈላ ሲያቀርብለት ከረመ።

ከዓመት በኋላ ፈረንሳይኛ የሚያነበው ጎረቤቱ፣ ቆዳ ነጋዴው ሐሙ፣ ሰዓሊው የሣለውን ስዕል ህትመት ይዞለት መጣ። ስዕሉ ላይ ያለው ግድግዳ ቡሽታ ራሱ ያቆመው ነው። የኮከቡን ጫፎች ቆጠረ፤ አሥራ ስድስት፣ አንድም አልጎደለም። ከግድግዳው ሥር ግን ቡሽታ ረጅም ፒፓ ታቅፎ ተጋድሟል።

"ፒፓ? ትንባሆ እኔ አፍ ገብቶ ያውቃል?"

"ተው መዓለም፣ ደምህን አታፍላ።"

"ጽሑፉ ምን ይላል? አንብበው።"

ሐሙ ጉሮሮውን ጠራረገ። "'ሰነፍ ሰው፣ የጥንት አባቶቹ በሠሩት ግድግዳ ሥር' ነው የሚለው።"

"የጥንት? ኖራው እኮ ገና ከጥፍሬ አልለቀቀም።"

ቡሽታ የህትመቱን ፊት ወደ መሬት ደፋና መዶሻውን አነሳ።

"እኔ ሸክላውን ፊቱን ደፍቼውም ከሥር ያለውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ይሄ ሰውዬ ሦስት ሳምንት ፊት ፊቴን ሲያይ ከርሞ አላወቀኝም።"