አባቴ ቮልስ ውስጥ የተበየደ ዕለት

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ጎን ብየዳ ቤት አለ። የተቃጠለ ቀለምና የጋለ ብረት ሽታ በመስኮት ሲገባ ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይዘው ያማርራሉ፤ እኔ ግን ሳቄ ይመጣል። «ምን ያስቅሻል?» ይሉኛል። አባቴ በብረት ታጥሮ የዋለበትን ቀን ከየት ጀምሬ ልንገራቸው?

ያደግሁት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነበር። ከእናቴና ከእኔ ቀጥሎ፣ እናቴ እንደምትለው ደግሞ ከሁለታችንም በፊት፣ የሚወዳት አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። ላይዋ ሲያብረቀርቅ ዓይን ይስባል፤ ሥሯን ግን ዝገት ጨርሶታል። ይህን አገር ያወቀው የልጅነት ጓደኛው ባለ ወፍጮው ወንድ ልጃቸውን ሲድሩ ነው። ሙሽራዋን በቮልሷ ይዘናት ስንመጣ፣ ከወገዳ ከተማ በሚያመጣው መንገድ ላይ ወለሉ ተቀደደና አንድ እግር ጫማዋ ሾልኮ ቀረ። ባለ ወፍጮው ድንኳኑ ሙሉ ሰው ፊት «ይሄ መኪና ነው ወይስ ወንፊት?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ የያዘውን ጠላ ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ አላናገራቸውም። ወፍጮ ቤታቸው ደጃችን ላይ እያለ የእኛ እህል በአህያ ተጭኖ ከተማው ዳር ድረስ ይሄድ ጀመር።

እኔ ከኮሌጅ ለዕረፍት በመጣሁበት ሰሞን አባቴ ወለሉን ሊያስቀይር ቆርጦ ተነሣ። የሰፈራችን በያጅ የአጥር በርና መስኮት እንጂ መኪና ሠርቶ አያውቅም፤ ሆኖም ነገሩ ገብቶታል።

«ጋሼ፣ የበሰበሰውን ከመቁረጤ በፊት የበሮቹን ክፍተት በብረት ልደግፈው። አለዚያ መሐሏ ይጎብጥና በሮቿ ዳግም አይገጥሙም» አለው።

«ገባኝ። የተሰበረ እግር በላት። መጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያ ማከም» አለ አባቴ።

በሮቹንና ወንበሮቹን አውጥተን ቮልሷን ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። አባቴ ጣውላ አንጥፎ፣ ዱካ ይዞ ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ። ውሃ ልኩን ከመሪው ሥር አጋድሞ «ትንሽ ካዘነበለች እነግራችኋለሁ» አለና ዓይኑን የአየር አረፋዋ ላይ ተከለ። የእሳት ፍንጣሪ እንዳያገኘው እርጥብ ጆንያ ተከናንቧል። እኔ ብረቱን እይዛለሁ፣ በያጁ ይበይዳል። በግራው ክፍተት ሁለት ብረት አመሳቀልን፤ በቀኙም እንዲሁ። የመጨረሻው ብረት ከግራ ወደ ቀኝ፣ በአባቴ ጭን ላይ አልፎ ተበየደ።

በያጁ መነጽሩን አወለቀና ሥራውን እያደነቀ ቆየ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ በየት ነው የሚወጡት?»

አባቴ ዙሪያውን ያሉትን ብረቶች ሲቃኝ መብራት ጠፋ።

የብረት መጋዙ ምላጩ ተሰብሯል፤ መቁረጫው ያለ መብራት አይሠራም። እኔ በብረቶቹ መሐል መሹለክ እችል ነበር። አባቴም ሞከረ፤ ጭንቅላቱና አንድ ትከሻው ወጡ፣ ሆዱ ግን እምቢ አለ። እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ አየችውና «ጾሙ ጎዳኝ ስትል አልነበር?» አለችው።

ቀኑ ገበያ ነበር። የግቢያችን በር ክፍት ስለሆነ አላፊው ሁሉ ጎራ ይላል። ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ «በምን ተከሰው ነው?» ብለው ጠየቁ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን በብረቶቹ መሐል አሾልከው አሳለሙትና «እግዚአብሔር ያስፈታዎ» አሉት። ቀልድ ይሁን የምር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጀኔሬተር ያላቸው ባለ ወፍጮው ብቻ ነበሩ። አባቴ «እዚሁ ባድር ይሻለኛል!» እያለ ሲጮህ እኔ ሮጬ ሄድኩ።

ባለ ወፍጮው ጀኔሬተሩን በጋሪ አስጭነው፣ ዱቄት እንደለበሱ መጡ። በያጁ ሊያስነሣው ሲያጎነብስ «ቆይ!» አሉት። ከዚያ ድንጋይ ስበው ከቮልሷ ጎን ተቀመጡ።

«ሰላም ባልኩት ቁጥር ፊቱን ሲያዞርብኝ ከረመ። ዛሬ የት ያዞራል እስቲ አያለሁ።»

አባቴ ሊዞር ሞከረ፤ ጭኑ ላይ ያለው ብረት ከለከለው። አንገቱን ብቻ ጠመዘዘ።

«ወንፊት ማለቴ ጥፋቴ ነው» አሉ ባለ ወፍጮው።

«በሰው ፊት ነው ያልከው» አለ አባቴ፣ ወደ ውሃ ልኩ እያየ።

ባለ ወፍጮው ግቢውን የሞላውን ገበያተኛ ዞር ብለው ቃኙ። «ታዲያ ይቅርታ የምጠይቅህስ በሰው ፊት አይደል?»

«ይቅር ይበሉት!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

አባቴ ዓይኑን ከውሃ ልኩ አነሣ። ቀስ ብሎ «ሙሽራዋ ጫማዋን አገኘች?» አለ።

«የት አግኝታው! የቀረውን አንዱን ልጄ ባጠፋ ቁጥር ትወረውርበታለች።»

አባቴ ሊስቅ አልፈለገም ነበር። ሆዱ ግን አስቀድሞ ተንቀጠቀጠ፤ ቮልሷም አብራ ተንቀጠቀጠች። ሁለቱ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። መብራት መጣ። በያጁ መቁረጫውን ይዞ ሲቀርብ አባቴ በእጁ መለሰው፤ «ትንሽ ታገሠን፣ እያወራን ነው።»

አባቴ ከወጣ በኋላ ብረቶቹ እንደገና ተበየዱ፤ ወለሉም ተቀየረ። ቮልሷ አልጎበጠችም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አመሻሽ ላይ በእሷ ሲንሸራሸሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳያስጨርስ ሲያወሩ አገር ያያቸው ነበር።

አባቴ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ከቀብር ተመልሰን ለቀስተኛው ድንኳን ሲገባ ባለ ወፍጮውን አጣኋቸው። ሳገኛቸው ቮልሷ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ወንበር ጎን ተቀምጠዋል። በሩን ከፍቼ «ይግቡና እህል ይቅመሱ እንጂ» አልኳቸው።

ወደ ባዶው ወንበር እያዩ «ተይን፣ ልጄ፤ ገና ያልጨረስነው ወሬ አለ» አሉኝ።

በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁላቸው።